ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው

ኮምፒውተሩ ለሰባተኛ ጊዜ ድርግም ሲል ካቻቢቴ አልተሳደበችም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ጊዜያት አንጀቷ እስኪርስ ተሳድባ ስለነበር፣ አሁን የቀራት ጥቁሩን ስክሪን ዝም ብሎ ማየት ነበር። በስክሪኑ ውስጥ የራሷ ፊት፣ ከፊቷ ኋላ ደግሞ ግድግዳው ይታያል። ግድግዳውን ላለማየት ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው መለሰች።

ካቻቢቴ፣ ብሎን መፍቻ፣ ብሎ የሰየማት አባቷ ነው። በስድስት ዓመቷ የቤቱን ሬዲዮ በታትና መልሳ ስትገጥመው ሦስት ብሎን ተረፋት፤ "ድሮም ትርፍ ነበሩ" ብላ ድርቅ አለች። ሬዲዮው ሠራ፣ ስሙም ተለጥፎባት ቀረ። ዛሬ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። ታፔላ የተሰቀለበት የራሷ ሱቅ አላት፤ ሰው "ሞቷል፣ ጣይው" ባለው ማሽን ላይ ነፍስ ትዘራለች። የገዛ ቤቷ ኮምፒውተር ግን ዓይኗ እያየ እየሞተ መሳቂያ አደረጋት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልሞከረችው ነገር የለም። መጀመሪያ ሆዱን ከፍታ አቧራውን ጠረገች፤ ማራገቢያው ላይ የተጠቀለለው ፀጉርና ብናኝ ትራስ ይሞላ ነበር። ጠፋ። ቺፑ ላይ ያለውን የማቀዝቀዣ ቅባት ጠርጋ አዲስ ቀባች፤ የሙቀቱን ልክ እያየች ጠበቀች፤ ሙቀቱ የጤነኛ ነበር። ጠፋ። ሚሞሪውን እየነቀለች እየሰካች ሞከረች። ጠፋ። ከሱቋ አዲስ ፓወር ሰፕላይ አምጥታ ቀየረችለትና "አሁን እንግዲህ እንተያያለን" አለችው። በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተያዩ፤ ጠፋ። ቢቸግራት ተሸክማ ሱቅ ወሰደችውና ሦስት ቀን ሙሉ እንደበራ ተወችው። እዚያ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ሱቅ ሲሄድ ጤነኛ፣ ቤት ሲመለስ በሽተኛ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ጠጋኝ መሆን አያስፈልግም። የታመመው ኮምፒውተሩ አይደለም፤ ቤቱ ነው። ካቻቢቴ ይህን ያወቀችው ትናንት ሲሆን፣ ከትናንት ጀምሮ እያወቀች እንዳላወቀች ስትሆን ነበር። የዚህን ቤት መስመር ከቆጣሪው ጀምሮ እስከ መጨረሻዋ አምፖል የዘረጋው አባቷ ነዋ!

አባቷን ሰፈሩ ጋሽ ፊውዝ ይለዋል። አርባ ዓመት ምሰሶ ላይ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ የመብራት ሠራተኛ ነው። የተቃጠለ ፊውዝ ይቀይራል፤ እሱ ራሱም ቶሎ ይቃጠላል፤ ስሙ የወጣለት በየትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ጡረታ ከወጣ በኋላም የሰፈሩ ሰው መብራት ሲያስቸግረው መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው፤ በነፃ ይሄዳል፣ ይዞ የሚሄደው መሣሪያም እጁን ብቻ ነው። ካቻቢቴ አንዴ ከሱቋ የመብራት መለኪያ ብታመጣለት "ከእጅ አይሻል ዶማ!" ብሎ ሳቀባት። እሱ ግድግዳ የሚፈትሸው በእጁ ጀርባ ነው። እሷንም በልጅነቷ አስተምሯታል፤ መዳፍን መብራት ከያዘው ይጨብጣል እንጂ አይለቅም፣ የእጅ ጀርባ ግን ራሱ ይሸሻል። እጁን አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ "ቀዝቃዛ ነው" ይላል። ያን ጊዜ ነገሩ አለቀ። በዚያ ቤት እሱ ከነካ በኋላ ደግሞ መንካት እሱን በአደባባይ ከመስደብ አይተናነስም።

ለዚህም ነው ካቻቢቴ እስካሁን ያልነካችው። ገና ኮምፒውተሩ መጥፋት ሲጀምር "አባዬ፣ ምናልባት መስመሩ ይሆን እንዴ?" ብላ ፈራ ተባ እያለች ጠይቃው ነበር። መኝታ ቤት ገብቶ ግድግዳውን ዳሰሰና ተመለሰ። "ቀዝቃዛ ነው። ይልቅ ያንቺን ቆርቆሮ ፈትሺ" አላት። እሷም ቆርቆሮዋን ስትፈትሽ ከረመች።

ነገሩ የኮምፒውተር ብቻ ቢሆን ለሌላ ሳምንትም ታሳድረው ነበር። ግን ከግድግዳው ወዲያ የአራት ዓመት ልጇ አልጋ አለ። ትንሿ የምትተኛው ከአያቷ ከጋሽ ፊውዝ ጋር ነው፤ የአልጋዋ ራስጌ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፤ ልክ ከራስጌው በላይ ደግሞ የሽቦዎቹ መጋጠሚያ የቆርቆሮ ክዳን ተገጥሞበታል።

ከወዲያ ክፍል የካውያ እንፋሎት ሲተነፍስ ሰማች። አባቷ ሸሚዙን እየተኮሰ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሸሚዙን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም፤ በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ራሱ ይተኩሳል። ካቻቢቴ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላ አየች፤ አራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ይላል። ካውያውና ኮምፒውተሩ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ካውያው መብራት ሲስብ ግድግዳው ውስጥ የሆነ ነገር አልችልም ይላል፤ ኮምፒውተሩም የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው።

አባቷ ሸሚዙን ለብሶ፣ ትንሿን አስከትሎ ግቢ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ ተሳባ መኝታ ቤት ገባች። የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ ሽው አለባት። አልጋውን ጎተተችው። የቆርቆሮው ክዳን ከግድግዳው ጋር ነጭ ተቀብቶ ነበር፤ አሁን ዙሪያው የሻይ ቀለም ይዟል። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰው ቀጥራ የምታሠራ ሴት ናት፤ ሆኖም እጇን ስታነሳ ሰረቅ አድርጋ ወደ በሩ አየች። ከዚያ የእጇን ጀርባ አስጠጋች።

እጇ ሳታዘው ሸሸ። ክዳኑ እንደ ምጣድ ይለበልባል። ጎንበስ ብላ የልጇን ትራስ ዳሰሰች። ትንሿ ከተነሳች ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ትራሱ ግን ሞቅ ብሎ ነበር።

ሮጣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳበችው።

"ማነው መብራቱን ያጠፋው?" አለ አባቷ ከግቢ ሲገባ።

"እኔ ነኝ።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"አባዬ፣ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ እየነደደ ነው።"

"ነካሽው?" አለ ጋሽ ፊውዝ። ስለ እሳቱ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ስለ መንካቷ ነው።

"ነካሁት።"

ገፍቷት ገባ። አልጋው ከቦታው መነሳቱን ሲያይ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "ዛሬ ጠዋት ነክቼዋለሁ! ትናንትም ነክቼዋለሁ! ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ በየቀኑ ነው የምዳስሰው። ልጄ ከሥሩ የምትተኛበትን ግድግዳ የምረሳ መሰለሽ?" የእጁን ጀርባ ክዳኑ ላይ አስደገፈ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

"ቀዝቃዛ ነው" አለ።

እጁን አላነሳም። ካቻቢቴ የራሷ ጣቶች እየተለበለቡ ለአንድ አፍታ እሱን አመነችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያመነችው ሰው ነውና። ከዚያ የእጁን ቆዳ አየች። ክዳኑን የነካው ቦታ ነጭ ሆኖ መሸብሸብ ጀምሯል። ጮኻ እጁን ይዛ ጎተተችው።

"አያምህም?"

"ምኑ?"

እጁን ዓይኑ ፊት አደረሰችለት። ውኃ የቋጠረው ቆዳ እያየው ከፍ አለ። ከሥሩ ደግሞ የትናንት የሚመስል ቡናማ ጠባሳ፣ ከዚያም ጎን ሌላ ነበር። የሌላ ሰው ዕቃ ያሳዩት ይመስል እጁን አገላብጦ አየው። በሌላኛው እጁ ጣት ቁስሉን ጫን አለው። አሁንም ጫን አለው።

"ሐኪሙ እግርህን ጠብቅ ነው ያለኝ" አለ በጣም ቀስ ብሎ። "ስኳሩ የእግርህን ስሜት እየገደለው ነው፣ ያለ ጫማ እንዳትሄድ አለኝ። እግር ነው ያለው። ስለ እጅ ምንም አላለም።"

"መቼ?"

"አምና።"

"አምና! እና ለኔ አይነገረኝም?"

"እግር ደግሞ ምኑ ይወራል?"

ካቻቢቴ ልትጮህበት አፏን ከፍታ ዘጋችው። ተናዳለች፤ ከሱ ይልቅ ግን በራሷ ተናዳለች። ሁለት ሳምንት! ትንሿ በየማታው ጭንቅላቷን እሳት ሥር እያሳረፈች ስትተኛ እሷ አቧራ ስትጠርግ፣ ቅባት ስትቀባ ነበር፤ አባቷን እንዳታስቀይም! እጁን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከረችለት፣ በንጹሕ ጨርቅም ጠቀለለችለት። ክዳኑን በመፍቻ ስትከፍተው ሽቦዎቹ ተልጠው፣ የታሰሩበት እንጨት ከስሎ ነበር። አባቷ አንገቱን አስግጎ አየና ዓይኑን መለሰ። በእጁ የሠራው ነው፤ ያኔ ደህና አድርጎ ሠርቶት ነበር። ሰው ሁሉ ያረጃል፣ ሽቦም እንደዚያው፤ ይህን ለማለት ግን ሰዓቱ አልነበረም።

ደንግጦ የሚቀመጥ መስሏት ወንበር ሳበችለት። አልተቀመጠም። በጤነኛው እጁ ጣቶች አንድ ነገር እየቆጠረ ነበር።

"ባለፈው ወር ልብስ ሰፊዋ ቤት ገብቻለሁ" አለ።

ካቻቢቴ ገባት። ሌላ ቃል አላስፈለጋትም፤ ትንሿን አቅፋ ተከተለችው።

ልብስ ሰፊዋ የምትኖረው ከነሱ ሦስት በር አልፎ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ስፌት ማሽኑ ይንጫጫል፣ ትልቁ ካውያ ያጨሳል። ስታያቸው ፊቷ በራ። "ጋሼ! ይግቡ እንጂ! እርስዎ ካዩልኝ ወዲህ እኮ እንቅልፌን ለጥጬ ነው የምተኛው። ልጄም በሰላም ተገላገለች፤ ያቻት እውስጥ፣ ከነልጇ ተኝታለች። ያቺ አምፖል ብቻ አሁንም አልፎ አልፎ ፍዝዝ ትላለች። እርስዎ ምንም አይደል ስላሉኝ ትቻታለሁ።"

በሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሽ ፊውዝ "እኔ ካልኩ አልኩ!" ብሎ ደረቱን ይነፋ ነበር። አሁን የተጠቀለለ እጁን ከኋላው ደብቆ ቆመ። ካቻቢቴ አዘነችለት፤ ልትናገርለትም ፈልጋ ነበር፤ ግን እሱ መናገር እንዳለበት አወቀች።

እጁን አውጥቶ አሳያት።

"ይሄ እጅ ሞቷል" አለ። "አምና ነው የሞተው። ባለፈው ወር ቀዝቃዛ ነው ያልኩሽ ሳላውቅ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ቆረጠች፤ እግሯን ከማሽኑ ፔዳል ላይ አነሳች።

ጋሽ ፊውዝ ወደ ልጁ ዞረ። "አንቺ ንኪው" አለ። በሕይወቷ እንዲህ ብሏት አያውቅም።

ካቻቢቴ ትንሿን አወረደች። አራሷ ወደተኛችበት ክፍል በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ገባች። ሕፃኑ ጡት አፉ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወስዶታል። ሶኬቱ ካለበት ግድግዳ ተጠጋች፤ የእጇን ጀርባ አስደገፈች።

"እንዴት ነው?" አለ አባቷ ከበሩ፣ በሹክሹክታ።

"ቆጣሪውን አጥፋው" አለች ካቻቢቴ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሕፃኑን ከነመጠቅለያው አነሳችው። "ተነሺ እህቴ፤ ቀስ ብለሽ ተነሺና ውጪ። ግድግዳውን እንዳትደገፊው።"

አምፖሏም ካውያውም ጠፉ። ደጅ ላይ ልብስ ሰፊዋ ልጇን ደግፋ ታለቅሳለች፤ ካቻቢቴ ሕፃኑን ይዛ አባቷን ፈለገችው። መንገዱ መሐል ቆሞ ቤቶቹን አንድ በአንድ ያያል።

"ከዚህ ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ነበር የገባሁት" አለ። "ከዚያ ጡረተኛዋ አስተማሪ ቤት። ከዚያ..." አቋረጠ። የሰዓቱን መስታወት በጤነኛው እጁ ጠርጎ አየ፤ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው።

"አይ፣ እነሱ ይቆዩ፤ ልጆቹን የሚያስተኙበት ሰዓት ደርሷል" አለና መራመድ ጀመረ፤ እርምጃው ሩጫ ሆነ። "መጀመሪያ መዋዕለ ሕፃናቱ።"