ጆሮዋን ስትነካ

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከጆሮ ነው። ከለሊሴ ጆሮ፣ ከግራው።

ለሊሴና ፈይሩዛ አሰላ ውስጥ ለጭላሎ ንጋት የሴቶች ቅርጫት ኳስ ክለብ ይጫወታሉ፤ ያውም በደመወዝ። አንድ ሰፈር አድገው፣ አንድ ቀን ክለቡ ገብተው፣ ለጨዋታ ሌላ ከተማ ሲወጡም አንድ ክፍል እያደሩ ነው የኖሩት። በዚህ አገር ረጅምና ቀጭን ሴት ልጅ ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁ ስትል የሚጠብቃት ጥያቄ አንድ ነው። ለምን አትሮጪም? ባለ ባጃጁ ይጠይቃል፣ የቀበሌው ጸሐፊ ይጠይቃል፣ ሐኪሙ እንኳ ያበጠ ጉልበቷን እያሸ ይጠይቃል። ሁለቱ ግን አልሮጡም። እልኸኞች ናቸው፣ ምን ይደረጋል።

ሜዳ ላይ የራሳቸው ሁለት ምልክት ነበራቸው፤ ከነሱና ከአሠልጣኝ ወንደሰን በቀር የሚያውቀው የለም። አንዷ ኳስ እያነጠረች ጥግ ላይ ስትከበብ በባዶ እጇ የግራ ጆሮዋን ትነካለች። ተይዣለሁ፣ ተቀበይኝ ማለት ነው። ሌላዋ መዳፏን አናቷ ላይ ታደርጋለች። አይቼሻለሁ፣ ለእኔ ስጪኝ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ተጫውተው አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ታዲያ ለሊሴ ሀዋሳ ላይ ከሩቅ ወርውራ ያገባቻት አንዲት ኳስ በየሰው ስልክ አገር ምድሩን ዞረችና ከአዲስ አበባ ተደወለላት። "አንድ ጣራ" የሚባል የቴሌቪዥን ውድድር አለ። አሥራ ሁለት ሴቶች ስልካቸውን ያስረክቡና አንድ ግቢ ውስጥ ይዘጋባቸዋል፤ ሲበሉ፣ ሲጣሉ፣ ሲያለቅሱ ካሜራ ይቀርጻቸዋል፤ ሕዝቡ በመልእክት ድምፅ ይሰጥና በየሳምንቱ አንዷ ትባረራለች። የመጨረሻዋ አዲስ መኪና ትወስዳለች፤ በፈቃዷ የወጣች ግን አትመለስም። ተዘግቶባት የምትበላ ሴት ማየት ምኑ እንደሚያስደስት እንጃ፤ ብቻ አሰላ እሁድ እሁድ በአሥር ሰዓት ሥራ ፈታች።

ድምፅ የማሰባሰቡን ሥራ የያዘችው ፈይሩዛ ነበረች። ሱቅ ለሱቅ ዞረች፤ የአስተማሪዎች ማረፊያ ገብታ ሻይ የሚጠጣውን ሁሉ "ስልክዎን ያውጡ" አለች፤ የሆስፒታል ነርሶችን ለመነች፤ እስከ ጢቾና ኦጎልቾ ድረስ ዘመድ ያለውን ሰው ላከች። ለሊሴም አራት ሳምንት አለፈች፣ አምስት ሳምንት አለፈች። ከተማው በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ።

ፈይሩዛ ግን ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ደስታዋ ተረብሿል። የሚፍታ ሻይ ቤት ተቀምጣ ስታይ፣ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ለሊሴን ሶፋ ላይ መሀል አስቀምጠው ስለ ቀድሞ የወንድ ጓደኛዋ እያፋጠጡ ያስቋታል። ለሊሴም ሳቀች። ስትስቅ እጇ ተነሣና የግራ ጆሮዋን ነካ። ፈይሩዛ ያነሣችውን ሻይ መልሳ አስቀመጠች። በሚቀጥለው እሁድ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ነካች። ሌላው ሰው ምኑን ያውቃል? ወጣቱ ሁሉ አማረበት ብሎ ያዘው። ባለ ባጃጁ ሲተላለፍ ጆሮውን ይነካል፣ ተማሪው ይነካል፣ ሚፍታም ሻይ ሲያቀርብ በትሪው ማዶ ጆሮውን ይነካል። የለሊሴ ሰላምታ ተባለ።

እንግዲህ የፈይሩዛን ጭንቀት አስቡት። ልጅቷ እየጠራቻት ከሆነ፣ እሷ የምትለምነው ድምፅ ሁሉ በጓደኛዋ ላይ በር የሚቆልፍ ነው። እየጠራቻት ካልሆነ ደግሞ፣ ድምፁን ብታስቆም የጓደኛዋን መኪና ታስቀራለች። በዚያ ላይ ልቧን አታምነውም። ለሊሴ ከሄደች ወዲህ ክለቡ በተከታታይ ሦስት ጨዋታ ተሸንፏል፤ እሷን ራሷን ሰው በስሟ መጥራት ትቶ "የለሊሴ ጓደኛ" ይላት ጀምሯል። ቅናት አልነበረባትም ማለት ውሸት ነው። ነበረባት፣ ታውቀዋለችም፣ አፍራበታለች። ለዚህ ነው ትመለስ የሚለው ሐሳብ ከየት እንደሚመጣ መለየት ያቃታት። አሠልጣኝ ወንደሰንን ብታማክረው ምናልባት ጆሮዋን ያሳክካት ይሆናል ብሎ ፊሽካውን ነፋ።

በስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜ የውድድሩ ሰዎች አሰላ መጡ። ለእያንዳንዷ ተወዳዳሪ ከአገሯ የቤተሰብ መልእክት ቀርጸው እሁድ በቀጥታው ዝግጅት ሊያሳዩ ነው። አዘጋጁ የኋላሸት የሚባል ችኩል ወጣት ነበር፤ መጀመሪያ የጠየቀው የለሊሴን እናት ነው። የለሊሴ እናት አዴ ራቢያ ደግሞ እህል ነጋዴ ናቸው። ገብስ ሊሸምቱ ሲሬ ሄደዋል፣ እስከ እሁድ ማታም እህታቸው ዘንድ ናቸው። ስልካቸው ከሚበራበት ቀን የሚጠፋበት ይበዛል። የኋላሸት ሰዓቱን እያየ፣ እንግዲያው አንቺ ተናገሪ ብሎ ፈይሩዛን በአዴ ራቢያ የተዘጋ የግቢ በር ፊት አቆማት።

ፈይሩዛ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረች። የሰፈሩን ሰላምታ አንድ በአንድ ቆጠረች፣ እናትሽ ሲሬ ናቸው አለች፣ ቀልድም ጨመረች። ሰውየው በቃ ሲል ግን ሳታስበው፣ ወይም እያሰበችው፣ እሱን እሷም እስከ ዛሬ አታውቅም፣ መዳፏ ተነሥቶ አናቷ ላይ ዐረፈ። ካልጠራችኝ ስቃ ታልፈዋለች፤ ጠርታኝ ከሆነ ማየቴን ትወቅ ብላ ነው ለራሷ የነገረችው።

እሁድ በአሥር ሰዓት ሚፍታ ቤት መቆሚያ አልነበረም። የለሊሴ ተራ ደረሰ። አዬ የቴሌቪዥን ሰዎች! ሩብ ሰዓት ያወራችውን አንዷን ቃል ሳያስቀሩ ቆርጠው ጥለውታል። የተዘጋ በር ታየ፣ ከሥሩ ቀስ ያለ የክራር ድምፅ ተለቀቀ፣ ከዚያ ፈይሩዛ በጥቁር ሻሿ ዝም ብላ ቆማ ታየች፣ ከዚያ እጇ ወደ ራሷ ሄደ። ይኸው ነው። ቀጥሎ የለሊሴ ፊት መጣ። ትንሽ አፍጥጣ አየች፣ ተነሣች፣ ደረቷ ላይ የተሰካውን ማይክ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ በሩን ከፍታ ወጣች። ፈይሩዛም ጠርታኝ ነበር ማለት ነው ብላ ግማሽ ደስ አላት፣ ግማሽ ፈራች።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት። ለሊሴ ናት፣ በግቢው ዘበኛ ስልክ።

"እናቴ ደህና ናት?"

"ደህና ናቸው፣ አልሀምዱሊላህ።"

"አገናኚኝ።"

"ሲሬ ናቸው እኮ፣ ስልካቸውም ዝግ ነው።"

"ፈይሩ፣ በአላህ እውነቱን ንገሪኝ።"

"እውነቱ ይኸው ነው። አንቺ ዝም ብለሽ ነይ ብቻ።"

ከወዲያ በኩል የልቅሶ ድምፅ መጣና ስልኩ ተዘጋ። ፈይሩዛ ቁጥሩን ደጋግማ ብትደውል የሚያነሣ የለም። መኪናው አሳዝኗት ይሆናል፣ ደክሟት ይሆናል እያለች ስትገላበጥ አደረች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ለሊሴ ከአዳማ በሚመጣው ሚኒባስ ወረደች። ወገቧን በሻርፕ አስራለች፣ ጥቁር ደርባለች፣ ከመንገዱ መታጠፊያ ጀምራ "እናቴን፣ እናቴን" እያለች ነው የመጣችው። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ። እንዲህ ባለ ሰዓት ማን ሞተ ብሎ መጀመሪያ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ አብሮ ያለቅሳል፣ ኋላ ይደርስበታል። ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ልቅሶው ደራ። አዴ ራቢያ ጓሮ ገብስ እያበጠሩ ነበር። የልቅሶውን ድምፅ ሲሰሙ ሰፌዱን ጥለው፣ ነጠላቸውን አፈፍ አድርገው ሮጠው ወጡና ከሴቶቹ መሀል ገብተው ደረታቸውን እየመቱ ማልቀስ ጀመሩ። የገዛ ልቅሷቸውን ከሁሉ አብልጠው አለቀሱ ነው የምላችሁ። ኋላ ልጃቸውን አቀፉና ጠየቁ።

"እኔን፣ ልጄ፣ ማን ሞተብን?"

ለሊሴ ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየች። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ፈይሩዛ ከአጥሩ ሥር ቆማ ይህን ስታይ ነው ሁሉም ነገር የተገለጠላት። ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በስልክ እንደማይነገር እሷም ታውቃለች። ደህና ናቸው ይባላል፣ ስልካቸው ዝግ ነው ይባላል፣ ዝም ብለህ ና ብቻ ይባላል። ቃል በቃል እንደዚያ ነበር ያለቻት። በፊልሙ ላይ ደግሞ እናት የለችም፣ በሩ ዝግ ነው፣ ጓደኛዋ በጥቁር ሻሽ እጇን በራሷ ላይ ጭናለች። ሜዳ ላይ ሳይሆን እናቷ ደጃፍ ላይ ያንን ያየ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ኖሯል? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለች፣ ከልቧ።

ሁለት ቀን አሰላ ፈይሩዛን ረገመች። ምቀኛ አሏት፣ ሚፍታም ሻይዋን ሲያስቀምጥ ፊቱን አዞረ። በሦስተኛው ቀን ግን የልቅሶው ቪዲዮ፣ ለካስ አንዱ ከአጥር ማዶ ቀርጾታል፣ ከሀዋሳዋ ኳስ አሥር እጥፍ ዞረ። ወሬው ተገለበጠ። ለሊሴ ለእናቷ ብላ መኪና የጣለች ልጅ ተባለች። አዴ ራቢያ የተመረቁ ያህል ሆኑ፤ ገበያ ሲወጡ ሰው እየቆመ እጃቸውን ይስማል።

ለሊሴ አርብ ዕለት ልምምድ መጣች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከፈይሩዛ ጋር አልተነጋገሩም፤ ኳስ ብቻ ተቀባበሉ። ሲያበቃ ሌሎቹ ልብስ ሊቀይሩ ሄዱና ሁለቱ ከቅርጫቱ ሥር ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። ፈይሩዛ ይቅርታ ጠየቀች፤ ቅናቷንም ሳትደብቅ ተናገረች። ከዚያ ያንገበገባትን ጠየቀች፤ ጆሮሽን የነካሽው ጠርተሽኝ ነበር ወይ?

ለሊሴ መጀመሪያ ጆሮ ጌጡ ነው አለች። ትልልቅ ጌጥ እየሰጡ ያስሩባቸዋል፣ የግራው አቁስሏት ነበር። ፈይሩዛ ራሷን ነቀነቀች፤ መኪናውን ለቁስል ነው ያስጣልኳት ማለት ነው ብላ አንገቷን ደፋች። ለሊሴ ኳሱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀስ ብላ ተናገረች።

"የመጀመሪያው ሳምንት ጌጡ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጌጡን አውልቄም እነካ ነበር። ልጠራሽ ይሁን፣ ልማድ ሆኖብኝ ይሁን፣ እኔም አላውቅም። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። አንቺን እንደዚያ ሆነሽ ሳይሽ እናቴ ሞታለች አልኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ልቅሶ አይደለም፣ ፈይሩ። እፎይ አልኩ። መውጫ አገኘሁ አልኩ። ልቅሶው ደጅ ከወጣሁ በኋላ ነው የመጣው። አሁን ሰው ሁሉ ለእናቷ ብላ ይላል፤ እናቴም ጸሎቴ ደረሰ ብላ ታወራለች። ዓይኗን እንዴት አድርጌ ልየው?"

ፈይሩዛ ተዘግቶብሽ ስለነበር ነው ልትል ፈለገች፣ ሰው ታፍኖ የሚያስበው አይቆጠርበትም ልትል ፈለገች፤ ሁሉም አፏ ላይ ሲደርስ ቀላል ሆነባት። እጇን ያዘቻት።

በዚህ መሀል የሜዳው በር ላይ ግርግር ተሰማ። አዴ ራቢያ ናቸው። በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ በሳህን ይዘው፣ ከኋላቸው ስልኩን የደቀነ ብዙ ሰው አስከትለው ገቡ። ገብሱ ያው ከሲሬ ያመጡት ነው። አንዱ ቀራጭ፣ እናት፣ በእጅዎ ያጉርሷት፣ እኛም እንቅረጽ አለ። አዴ ራቢያ ደስ እያላቸው ጭኮውን ጠቅለል አድርገው ወደ ልጃቸው አፍ ዘረጉ፤ ይቺ ናት ለእኔ ብላ መኪና የጣለች ልጄ፣ እዩዋት እያሉ። ለሊሴ ጎረሰች። ሰዉ ሁሉ ጆሮውን እየነካ ጮኸ። ሌላ ጉርሻ መጣ። ጉንጯ ሞልቶ፣ መዋጥ አቅቷት፣ ዓይኗ እንባ ቋጥሮ፣ አዴ ራቢያም የደስታ እንባ መስሏቸው ሦስተኛውን ሲያዘጋጁ፣ ለሊሴ እጇን አነሣችና የግራ ጆሮዋን ነካች። ጌጥ የለበትም። የምታየው ፈይሩዛን ነው።

ያ ሁሉ ሰው ጆሮውን በሚነካበት መሀል ማን ማንን እንደሚጠራ የሚያውቅ የለም። ፈይሩዛ እጇን ወደ ራሷ አላነሣችም፤ ከእንግዲህ አታነሣውም። ተነሥታ በስልኮቹና በለሊሴ መሀል ገባች፣ ጀርባዋን ለቀራጮቹ ሰጠች፣ አዴ ራቢያ ፊት ጎንበስ ብላ አፏን ከፈተች።

"አዴ፣ ለእኔስ? ያስመጣኋት እኮ እኔ ነኝ።"

አዴ ራቢያ ሳቁና ጉርሻውን ለእሷ ሰጡ። ከኋላዋ ቀራጮቹ ዘወር በይልን እያሉ ይነጫነጫሉ። ፈይሩዛ አልሰማቻቸውም። እያላመጠች ሳህኑን ከሴትዮዋ እጅ ተቀበለች፣ ለሊሴም በዚያች ቅጽበት ፊቷን በማልያዋ ጠረገች።