ኤሊው ወይስ ጃንጥላው

የመኪናዋ ኢንሹራንስ ዛሬ ያበቃል። ፋርማሲስቷ ለዚሁ ጉዳይ ከሥራ ግማሽ ቀን አስፈቅዳለች። ስድስት ዓመት የሞላትን ልጇን ትምህርት ቤት አድርሰው ሲያበቁ፣ ጋቢና ከአባቷ ጎን እንደተቀመጠች ወደ መድን ድርጅቶቹ ጉዞ ሆነ። መሪውን የያዘው አባቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሕዝብ አውቶቡስ ነድቶ አንዲት ዶሮ እንኳ ሳይገጭ ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ «ካፒቴን» ይለዋል። እሷ ጠዋት ፈረቃ ስላላት ልጅቷን በየቀኑ የሚያደርሳት እሱ ነው። አብራው በመኪና ከሄደች ግን ብዙ ወር ሆኗታል።

መጀመሪያ የገረማት ማዝገሙ ነበር። ከፊታቸው አንድ አውቶቡስ አለ። አውቶቡሱ ሲሄድ ካፒቴን ይሄዳል፤ ሲቆም ይቆማል። መንገዱ ወለል ብሎ ሳለ አልፎት አይሄድም። ይባስ ብሎ አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ሲቆም እነሱም ከኋላው ቆሙ።

«አባዬ፣ ምን እየጠበቅን ነው?»

«ሰው ይውረድ እንጂ! ምን ያስቸኩልሻል?»

ሳቀች። ሁለተኛው ፌርማታ ላይም ቆሙ፤ ፈገግ አለች። ሦስተኛው ላይ ሲቆሙ ግን መሳቋን ተወች።

የትራፊክ መብራቱ ጋ ሲደርሱ አውቶቡሱ ወደ ግራ ታጠፈ። የእነሱ መንገድ ቀጥታ ነው። ካፒቴን አንገቱን አሰገገ፣ ዓይኑን አጨነቆረ፣ ከዚያም ቀዩን መብራት እንደ ገዛ ቤቱ በር ሰተት ብሎ አለፈው።

«አባዬ፣ ቀይ ነው! ቀይ!»

ከቀኝ የመጣ የጭነት መኪና ጥሩምባውን አንባርቆ ለጥቂት ሳታቸው። ፍሬን የረገጠችው እሷ ነበረች፤ ያውም ከእግሯ ሥር ፍሬን ሳይኖር።

«አይቼዋለሁ» አለ ካፒቴን። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አይቼዋለሁ! ገና ቢጫ ነበር።»

ዓይኑማ ግንባር ከሆነ ሰንብቷል። ከሩብ ሰዓት በፊት ልጇ የተቀመጠችበትን የኋላ ወንበር ዞራ ማየት ፈራች።

«አምና መንጃ ፈቃድህን ስታሳድስ ዓይንህን አልመረመሩህም?»

«እኔን? መርማሪው እኮ የድሮ ረዳቴ ነው። ‹ካፒቴንን እኔ ልመርምር? ምድር ትዋጠኝ!› አለና ማኅተሙን ገጭ አደረገልኝ።»

ፊቱ በኩራት በራ። ሰው ሁሉ አባቷን ሲያከብር ልጇን ሊገድልባት ነው።

ሁለቱ የመድን ድርጅቶች አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ተፋጠው ተቀምጠዋል። በአርማቸው የተነሳ ሰዉ አንዱን ጃንጥላው፣ ሌላውን ኤሊው ይላቸዋል። ጃንጥላው ጋ የተቀበላቸው ጎረምሳ ከረባቱ አንገቱን ሊያንቀው ደርሷል፤ አፉን ግን አላሰረውም።

«እኛ ጋ ማን ነዳው ብሎ ነገር የለም፣ እህቴ! መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ይንዳው። ምንም ይምጣ፣ እኛ አለን!»

«ኩባንያ ማለት ይሄ ነው!» አለ ካፒቴን ጠረጴዛውን መታ አድርጎ።

«ምንም» ሲል ፋርማሲስቷ ሁለት የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ቦርሳዋ ከጀርባዋ የሚበልጥ ልጇ ታየቻት። «እስቲ ሌላውንም ልየው» ብላ ወጣች።

ኤሊው ጋ ያገኙት አንዲት የማትቸኩል ሴትዮ ነው።

«መኪናዋን የሚነዱትን በስም በስማቸው ንገሪኝ። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ነድቶ አደጋ ቢያደርስ እኛ የለንበትም። ከሰባ ዓመት በላይ ከሆነ ደግሞ የዓይን ሐኪም ወረቀት ያመጣል።»

ፋርማሲስቷ ነፍሷ መለስ አለ። ተገላገለች! ኤሊው ይናገርላታል። እሷ ቤት ገብታ «ምን ላድርግ አባዬ፣ ድርጅቱ ከለከለ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

«ሰባ ሦስት ነኝ» አለ ካፒቴን ደረቱን ነፍቶ። «ወረቀት ነው? ምን ችግር አለው! የዓይን ክሊኒኩ ነርስ እርጉዝ በነበረች ጊዜ ፌርማታ ባልሆነበት እያቆምኩ ያሳፈርኳት ናት። ነገ አመጣዋለሁ።»

«እንግዲያው ስምዎን ልጻፍ፣ አባባ፤ ወረቀቱን ነገ ያደርሱኛል።»

የሴትዮዋ እስክሪብቶ ባዶው መስመር ላይ ደረሰ። ከኮሪደሩ ማዶ ባለ ከረባቱ በተከፈተው በር ብቅ ብሎ «እንዴት ነው ነገሩ?» በሚል ፈገግታ ያያታል። ፋርማሲስቷ ቀኑን ሙሉ ለማታውቀው ሰው «ይህን መድኃኒት ከዚያ ጋር እንዳይቀላቅሉ፣ ይገድላል» ስትል አፏ አይያዝም። አሁን ግን የሚሰማት አባቷ ነው።

«አይጻፍ» አለች።

«እ?» አለ ካፒቴን።

«የኔ ስም ብቻ ይጻፍ። አባዬ… አታይም። ዛሬ የነዳን አውቶቡሱ ነው።»

ሴትዮዋ ቅጹ ላይ አቀረቀረች። ፋርማሲስቷ ጩኸት ጠበቀች፤ እርግማንም ጠበቀች። ካፒቴን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሰው ፊት?» አለ።

«ቤት ብነግርህ ታሸንፈኛለህ።»

ፈረመች።

ወደ መኪናዋ ሲመለሱ ካፒቴን ዞሮ በጋቢናው በኩል ቆመና የበሩን መያዣ በመዳፉ እየዳበሰ ፈለገው። ልትከፍትለት አሰበችና ፈራች። ቆይቶ ራሱ አገኘው።

መሪውን እሷ ያዘች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ የእሱ እግር ወለሉን ሲረግጥ ሰማች።

«ነገ ልጅቷን ማን ያደርሳታል?» አለ።

«እንጃ። ፈረቃ እንዲቀይሩልኝ እለምናለሁ።»

«አይቀይሩልሽም፤ አውቃቸዋለሁ። እኔ በእግሬ አደርሳታለሁ። ወይስ ኤሊው ለእግርም ወረቀት አምጣ ይላል?»

ልትስቅ ነበር። ከቤት እስከ ትምህርት ቤቱ ያሉትን ማቋረጫዎች በሐሳቧ ሄደችባቸው። ሦስት ናቸው። ሦስተኛው ጋ መብራት የለም፤ የጭነት መኪኖች የሚወርዱትም በዚያ በኩል ነው።

ቀይ በርቶ ስለነበር ቆመችና ዞራ አየችው። ካፒቴን መልሷን እየጠበቀ ፊቱን ወደ እሷ አዙሯል። የሚያየው ግን ከጆሮዋ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለውን መስኮት ነው።

«እሺ በይኛ፣ ልጄ» አለ መስኮቱን።

«አይሆንም፣ አባዬ» አለች። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ወጣ።