የምላጩ ግራ እጅ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ «ምላጩ» ይለዋል። የግራ እጁን አንጓ የቆረጠው የገዛ ቤቱ መስኮት ነው፤ አልከፈት ቢለው ቡጢ አቀመሰው፣ መስታወቱም ነርቩን በጠሰው። ለደንበኞቹ ሲያወራ ግን የነከሰው አዞ ነው። ወሬው ሲደምቅለት አዞው ሁለት ይሆናል።

ሐኪሙ ነርቩን ሰፋለት፤ አውራ ጣቱና ሁለቱ ጎረቤቶቿ ግን እንጨት ሆነው ቀሩ። «ነርቭ ሲያድግ ቀንድ አውጣ ይቀድመዋል» አለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ። እውነቷን ነው፤ እሱ ሲቆስል የተወለደው የጎረቤት ሕፃን ቆሞ ሲሄድ የምላጩ ጣቶች ገና እንቅልፍ ላይ ነበሩ።

«ግራህ አይደል እንዴ? ምን አስጨነቀህ!» ይሉታል። ሰው ምን ያውቃል! ቀኝ እጅ ይላጫል እንጂ አያይም። ቆዳውን የሚወጥረው፣ ያመለጠውን ፀጉር በዳበሳ የሚይዘው ግራ ነው።

ባለሙያዋ ዓይኑን ሸፍና ቁልፍ፣ ቡሽ፣ ማንኪያ ታስዳብሰዋለች። እሱ ሆዬ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በድምፁ እየለየ ስንት ሳምንት ጎበዝ ተባለ! ኋላ ነቃችበትና ፎጣ አነጠፈች።

«እኔንስ አታለልከኝ፤ ጣትህን ማን ያታልልልሃል?»

ከዚያ ወዲያ የምሩን ዳበሰ። ቤት ውስጥ ያልዳበሰው ነገር የለም፤ ድመቷ እንኳ ስታየው አልጋ ሥር ትገባ ጀመር።

ሱቁን አብሮት የያዘው የሚስቱ ወንድም ግን መጠበቁ ሰለቸው። አንድ ቀን ደንበኛ ሞልቶ፣ እናቱም፣ የምላጩ አማት፣ ሊጠይቁት መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠው ሳለ ፊኛ ነፍቶ አረፋ ቀባው።

«ላጨው። ከፈነዳ ወንበርህን ለሌላ እሰጣለሁ፤ አንተ ትጠርጋለህ።»

ጀማሪ የሚፈተነው እንዲህ ነው። ምላጩ ደሙ ቢፈላም ምላጭ አነሣ። ምን ዋጋ አለው፣ የተኛው ጣቱ ጥፍሩን ሲተክል አልተሰማውም። ጧ! አረፋው የሚስቱን ወንድም ፊት ሸፈነው።

«በቃ፤ መጥረጊያው ያውልህ» አለ አረፋውን እየጠረገ።

«ፊኛ ጢም አለው? ጢም ያለው አምጣ! ይኸው፣ ራስህ ተቀመጥ!»

«እኔ አንገቴን አልጠላሁም!»

ደንበኞቹም ጣራ ጣራውን ማየት ያዙ። ይኼኔ አማቱ ተነሡ።

«እኔ አለኝ» አሉ አገጫቸውን ይዘው።

«እማዬ! ሰው እየሰማ!»

«ይስማ! ስነቅል የኖርኩት እኔ፣ የምታፍረው አንተ? ምላጩ፣ ልጄ፣ ና ላጨኝ። ከቆረጥከኝ ግን ሚስትህን ይዣት እሄዳለሁ።»

ላጫቸው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በግራ አውራ ጣቱ አገጫቸውን ዳበሰ። ጉንዳን እንደ ነከሰው ያህል ነዘረው።

«እዚህች ጋ አንዷ አምልጣለች።»

የሚስቱ ወንድም ጎንበስ ብሎ አየ። «የለችም! ዛሬም አዞውን አመጣው!»

አማቱ ራሳቸው ነካ አደረጉት። «አለች። አፉ ነው ቀጣፊ፤ ጣቱ አይዋሽም።»

ሱቁ በሳቅ ተናወጠ። ምላጩ ጉደኛዋን ፀጉር ላጭቶ ፎጣውን አራገፈ።

«ሌሎቹ ጣቶችህስ?» አለ የሚስቱ ወንድም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንዷ ግማሽ ነቅታለች። የመሐሏ ተኝታለች።»

«ታዲያ?»

«ትተኛ! እስክትነሣ ወንበር አልለቅም» አለና ወደ ደንበኞቹ ዞረ። «ተረኛ ማን ነው?»