ሰው ያለበት ቤት

«ቤቱ አይሸጥም። ይሸጣል ብሎ ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። እንሰቱን ከመንገድ አይቼ ነው የገባሁት።»

«እንሰቱም አይሸጥም።»

ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ወይም ብሩክታይት የሳቁ መስሏት ነበር። ያኔ ልጅ ነበረች፤ ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ የሰማችው ይህንን ብቻ ነው፤ ሌላውን ረስታዋለች። የመጀመሪያው ድምፅ የአባቷ የአንጁሎ ነበር። ሁለተኛው፣ ለሽያጭ ያልቀረበ ቤት ልግዛ ብሎ የመጣው እንግዳ፣ ዳልጮ ይባል ነበር።

አሁን የዳልጮ ለቅሶ ላይ ተቀምጣለች። እዚያው ቤት፣ ከዚያው ጓዳ በር አጠገብ።

የቀብሩ ማግስት ነው። ወንዶቹ ግቢ ውስጥ በእድሩ ድንኳን ሥር፣ ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ናቸው። ንፍሮ በሰፌድ ይዞራል፤ ሻይ ከፔርሙስ ይቀዳል። ወንጌላዊው ቃል አካፍሎ ከሄደ ወዲህ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። የሟች ሚስት እትዬ አሳየሽ ብሩክታይትን ከጎኗ አስቀምጣታለች።

«ይቺ የዚህ ቤት ልጅ ናት» ትላለች ለማያውቃት ሁሉ። «እዚሁ ነው የተወለደችው። በየጊፋታው ቅቤ ይዛ ትመጣልናለች። እኔ የወለድኩት እንኳ በዓሉን በስልክ ነው የሚያከብረው።»

ብሩክታይት በዚህ ጊዜ ሁሉ አንገቷን ትደፋለች። ሰው ሐዘን መስሎት ዝም ይላታል።

ቦዲቲ ታስተምራለች፤ የምትኖረው እዚሁ ሶዶ፣ ከአንዱ ኪራይ ወደ ሌላው ኪራይ እየተዘዋወረች ነው። ትንሽ መቆጠብ ስትጀምር ሌላ ቤት ለማየት አላሰበችም። አባቷ የሸጠውን፣ ይህንን አረንጓዴ በር ያለውን ቤት ፈለገች። በሩ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ነገር የለም፤ ደላላም አያውቀውም። ስለዚህ ቀኑን መረጠች። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ የተጣላ ይታረቃል፣ ደጅ የመጣን ሰው ፊት አይነሡትም። ቅቤ በቅጠል አስጠቅልላ ሄደች።

ዳልጮ የመንገድ ሥራ ግሬደር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ሰው ነበር። አቮካዶው ሥር አገኘችው።

«ጋሼ፣ የመጣሁት ቤቱን ይሸጡልኝ እንደሆን ብዬ ነው።»

ሰውዬው ቅቤውን ተቀበለና አያት። «የአንጁሎ ልጅ ነሽ። ቁመትሽ የእናትሽ ነው።»

«አዎ ጋሼ።»

«በጊፋታ እምቢ አይባልም። ለከርሞ እናወራለን። አሁን ግቢና ብዪ።»

እሷ ይህንን እንደ ግማሽ እሺታ ወሰደችው። በከርሞው ሄደች፤ «ለከርሞ» አላት፤ ከዚያ እንሰቱን፣ አዲስ የተከለውን ቡና፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ እየዞረ አሳያት። ሌላም ዓመት እንዲሁ። «ለከርሞ» በዚያ ሰው አፍ እምቢታ መሆኑ የገባት ዘግይቶ ነው። ከገባት በኋላም መሄዷን አላቆመችም። ያለ ጥያቄ ለመሄድ ደግሞ ምን ብላ እንደምትገባ አላወቀችም።

ከሰዓት በኋላ የዳልጮ ልጅ አብርሃም ድንኳኑ ጥግ ጠራት። ሀዋሳ ባንክ ቤት ይሠራል፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«በለቅሶ ስለ ቤት አይወራም፤ አውቃለሁ» አላት። «ግን ደላሎቹ ስልኬን አላሳርፍ አሉ። ድንኳን ሲያዩ ቤት የሚሸጥ ይመስላቸዋል። አባዬ አንቺ ትፈልጊው እንደነበር ነግሮኛል። ለማላውቀው ሰው ከምሰጠው ላንቺ ይሁን።»

«እናትህስ?»

«ሀዋሳ እወስዳታለሁ። እዚህ ብቻዋን ትቻት አልሄድም። ፊርማዋ ያስፈልጋል፣ እኔን ግን አትሰማኝም። አንቺን ትወድሻለች። አንቺ ብትነግሪያት እሺ ትላለች።»

ያን ያህል ዓመት የጠበቀችው ነገር ይኸው መጣ፤ እሷ ግን «ላስብበት» ብላው ገባች።

ውስጥ እትዬ አሳየሽ ለሴቶቹ ታወራለች።

«ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ቤት ገዝቷል ተብዬ ነው። እሱ ግን በጓሮ በር አስገብቶ ሰርቪስ ክፍል አስቀመጠኝ። ‹የገዛኸው ቤት የታለ?› ብለው ‹ሰው አለበት› አለኝ። ለካ የዚች እናት ታማ ተኝታለች። ቤቱ የተሸጠውም ለሕክምናዋ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ሲያበቃ ‹ሴትየዋ ከአልጋዋ ሳትነሣ አትውጡ› ብሏቸዋል። ክረምቱን ሙሉ የራሳችን ቤት ጓሮ ተከራይ መሰልን!»

«አልተነሣችም» አለች ብሩክታይት ቀስ ብላ። እናቷ የሞተችው እዚህ መሆኑን ታውቃለች። ቤቱ ያን ጊዜ የእነሱ እንዳልነበረ ግን እስከዛሬ የነገራት የለም።

ይህን ጊዜ ነው እማማ ቦሼ ፔርሙስ ይዘው የገቡት። አጥር የሚያዋስኗቸው ጎረቤት ናቸው፤ ያሾካሾኩ ሲመስላቸው ድምፃቸው ድንኳኑ ድረስ ይሰማል።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ሁሉ ቅቤሽ በከንቱ አልቀረም ማለት ነው! ልጁ ሊሸጥ ነው አሉ። ቶሎ በይ።»

«ምኑን ነው የሚሸጠው?» አለች አሳየሽ።

«ቤቱን ነዋ። ይቺ በየጊፋታው ‹ሽጡልኝ› ስትለው አልነበር? አጥራችን አንድ ነው፤ ምኑ አይሰማኝም?»

ሰፌዱ መዞሩን አቆመ። አሳየሽ ወደ ብሩክታይት ዞረች፤ ልጅቷ ቀና ብላ አላየቻትም፤ መልሱ ይኸው ነበር። አሳየሽ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ፍራሹ ሌላ ጫፍ ፈቀቅ አለች።

በማግስቱ ብሩክታይት አስተምራ ከቦዲቲ ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ልትጸልይ ሞከረች። «ጌታ ሆይ፣ ቤቱን ስጠኝ» ማለት ቀላል ነው። «ከዚያች ሴት ላይ ውሰድልኝ» ማለት ግን አልቻለችም። ሁለቱ አንድ ጸሎት መሆናቸውን ያስተዋለችው ያን ቀን ነው።

ስትደርስ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን እያፈረሱ ነበር። ሳሎን ገብታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ስለ ቤቱ ነበር የምትመጪው?» አለቻት አሳየሽ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሱስ ምን ይልሽ ነበር?»

«‹ለከርሞ› ይለኝ ነበር።»

አሳየሽ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። የምታለቅስ መስሏቸው ሴቶቹ ተጠጉ፤ እሷ ግን እየሳቀች ነበር። «እኔንም! ‹ወለሉን ሲሚንቶ አድርግልኝ› ስለው ‹ለከርሞ› እያለኝ ኖሮ ሄደ!» ሳቋ ሲያበቃ ዓይኗን ጠረገች። «ለምን እንዳልነገረኝ አውቃለሁ። ነግሮኝ ቢሆን ቅቤሽን አልቀበልሽም ነበር።»

አብርሃም ወንበር ተሸክሞ ገባ። ብሩክታይት ቀደመችው።

«አብርሃም፣ እኔ አልገዛም። አግባቢያት ያልከኝንም አልችልም።»

«እሺ፤ እና ብቻዋን ትሁን?» ወንበሩን አስቀመጠ። «ሌሊት ብትታመም በሩን ማን ይከፍታል? እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

ልክ ነው። ውጭ የድንኳኑ ብረት ሲፈታ ይሰማል።

«ዕቃሽ ብዙ ነው?» አለች አሳየሽ።

«የኔ?» አለች ብሩክታይት። «አልጋ፣ መጻሕፍት፣ አንድ ቡታጋዝ።»

«የአብርሃም ክፍል ይበቃዋል።»

«እማዬ፣ የኔ ክፍል...»

«አንተ ሀዋሳ ነህ፤ ዝም በል። ለቅሶ ላይ ነን።» ወደ ብሩክታይት ተመለሰች። «ኪራይ አልቀበልሽም። ግን አንድ ነገር አለ። እኔ በሕይወት እያለሁ ቤቱን አትጠይቂኝም። በጊፋታም፣ በሌላም ቀን። የጠየቅሽኝ ዕለት ዕቃሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። እኔ እንደሱ ለከርሞ ማለት አላውቅበትም።»

ብሩክታይትን እስከዛሬ ወደዚህ ቤት ያስገባት ያ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ተዪው የተባለችው እሱኑ ነው። ከተቀመጠችበት ተነሥታ ፍራሹ ላይ፣ ከአሳየሽ ጎን ተቀመጠች። አሮጊቷ ሳታያት እጇን ፈልጋ ያዘችና ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«እሺ፣ እትዬ» አለች ብሩክታይት። «አልጠይቅም። ቅዳሜ እመጣለሁ።»