ሻጩ መቐለ የመጣ ዕለት

የኮምፒውተር ዕቃ ሻጭ ሲሸጥልህ ወንድም ነው፤ ሲበላሽብህ ባዕድ። ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምለው። መቐለ ውስጥ የአንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆኜ፣ ከአዲስ አበባ ሻጮች ጋር በስልክ ስጨቃጨቅ ጉሮሮዬ እየነቃ ኖሬ ነው። ከሁሉም አብልጬ የተጨቃጨቅኩት ደግሞ ከባርናባስ ጋር ነበር።

ባርናባስ ሰርቨራችንን የሸጠልን ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ነው። ሰርቨር የተማሪዎቹ ምዝገባና ውጤት ሁሉ የተቀመጠበት ትልቁ ኮምፒውተር ነው። እሱ ከቆመ ኮሌጁ ይቆማል፤ ኮሌጁ ሲቆም ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። ባርናባስን በአካል ያየሁት ውሉ ሲፈረም አንዴ ብቻ ነበር። ያኔ ሲመለስ ለእናቴ ነጭ ማር ይዞልኝ ሄዶ፣ አዲስ አበባ ለሚኖረው ለወንድሜ ለወልደአማኑኤል አድርሶልኛል። ከዚያ ወዲህ በስልክ ብቻ ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ይደውልና «የኔአለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ነፋሱ እንዴት ነው? እማማስ ደህና ናቸው?» ይላል።

ደንበኛ መያዣ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ሞኝ አይደለሁም። ግን ሰኞ ጠዋት ስልኬ ሳይጮኽ ከረፈደ ቀኑን ሙሉ እንዳኮረፍኩ እውል ነበር።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ መቐለ የገባሁት ለሥራ ነው። የመቐለ ሰው ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም የጎዳኝ ጨዋነቱ ነው። ሻይ ክበብ ውስጥ ሰብሰብ ብለው በትግርኛ ይሳሳቃሉ። እኔ ስደርስ፣ እንዳይከፋኝ ብለው፣ ወሬውን ወደ አማርኛ ያዞሩታል። ሲያዞሩት ሳቁ እዚያው ትግርኛው ጋ ይቀራል። «ሥራ እንዴት ነው?» ይሉኛል በየተራ። ሻዬን ቶሎ ጨርሼ እነሳለሁ፤ ከበሩ ሳልርቅ ሳቁ ይመለሳል። ለምን ትግርኛ አልተማርሽም ትሉኝ ይሆናል። መስማቱን እሰማለሁ። መናገሩን ግን፣ ገና አንድ ቃል ስጀምር በደስታ በአማርኛ ይጨርሱልኛል።

ቤቴ ሰሜን ክፍለ ከተማ ነበር፣ በኣደይ ለተመድህን ግቢ ውስጥ፣ አንድ ክፍል፤ ኣደይ እማማ እንደማለት ነው። አከራዬ አማርኛ እምብዛም አይሆንላቸውም። ማታ በራቸው ላይ ተቀምጠው «ከመይ ውዒልኪ?»፣ እንዴት ዋልሽ፣ ይሉኛል። «ጽቡቕ»፣ ደህና፣ እላለሁ። ከዚያ እሳቸውም ወደ ቤታቸው፣ እኔም ወደ ክፍሌ።

በ2008 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ሰርቨሩ ይታመም ጀመር። ጠዋት ይነሳል፣ ከሰዓት ይወድቃል። መለዋወጫ ይምጣልን ብዬ ለባርናባስ ብደውል «ችግር የለም» አለኝ። ጉምሩክ ነው፣ ነገ ነው፣ በዚህ ሳምንት ነው። ወሩ አለቀ። የኮሌጁ ግዥ ኃላፊ ኣቶ ገብረሃንስ፣ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬሽ የስልክ ሰው ነው። ውሉ ሳይታደስ ሌላ እንፈልግ» ሲሉኝ፣ እኔ ነበርኩ «ትንሽ እንታገሠው» እያልኩ የምከራከርለት። በመጨረሻ ግን አንድ ቀን ደወልኩና ያለ የሌለውን አወረድኩበት።

«ስማ ባርናባስ፣ እኔ ቅናሽ አልፈልግም። ለአዲስ ዓመት የምትልኩት ካላንደርም ይቅርብኝ። ሲበላሽ ስልክ አንሳ። የማታውቀውን አላውቅም በል። ዕቃው አይመጣም ከሆነ አይመጣም በለኝ፤ እኔም ለአለቆቼ ቁርጡን ልንገር። ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ና! ሰው ነህ ወይስ ድምፅ ብቻ?»

«እመጣለሁ የኔአለም። ችግር የለም።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

በሳምንቱ፣ ሐሙስ ጠዋት ቢሮዬ ገብቼ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ በሩ ተንኳኳ። ባርናባስ ነው። ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ዕቃ አልያዘም፤ ዓይኑ እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል። ደስ አለኝ። ደስታዬን ግን ላሳየው አልፈለግኩም።

«ስጮኽብህ መጣህ ማለት ነው! መለዋወጫውስ?»

«ይመጣል» አለኝ። «የኔአለም፣ መጀመሪያ ቤትሽ እንሂድ።»

«ቤቴ? ሰርቨሩ ያለው እዚህ ነው እንጂ ቤቴ አይደለም!»

እጁን ይዤ ልጎትተው ምንም አልቀረኝ። ሰርቨሩ ያለበት ክፍል አስገብቼ፣ ማቀዝቀዣው እያጓራ፣ በደሌን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ምዝገባ ላይ የቆመበትን ቀን፣ ተማሪዎች የተሰለፉበትን፣ ዲኑ የተቆጡኝን። ዲስኩን፣ መረጃው ሁሉ የሚቀመጥበትን ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ በነፃ ትቀይራላችሁ አልኩት፤ እሺ አለኝ። ባለሙያ በየወሩ ይምጣ አልኩት፤ እሺ አለኝ። ውሉ ውስጥ ይጻፍ ስለውም እሺ። እንዲያ ያለ ሻጭ አይቼ አላውቅም። ሻጭ መቼም ሲያንስ ሲያንስ «አለቃዬን ልጠይቅ» ይላል። ጉድ ነው፣ በደንብ ሠርቼበታለሁ ብዬ በልቤ ተኩራራሁ።

«ውሃ ልጠጣ» ብሎ ወጣ። በበሩ መስታወት ሳይ፣ ኮሪደሩ ላይ ከኣቶ ገብረሃንስ ጋር ቆሞ ያወራል። ኣቶ ገብረሃንስ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ መጡ። ኣቶ ገብረሃንስ ያን ሁሉ ዓመት አንዴም በትግርኛ አናግረውኝ አያውቁም፤ ያን ቀን ግን አማርኛው ጠፋባቸው።

«ንዒ ጓለይ» አሉ ክንዴን ይዘው። «ንገዛኺ ንኺድ።»

ነይ ልጄ፣ ቤትሽ እንሂድ ማለታቸው ነው። ያኔ ገባኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ቤትህ ድረስ መጥተው፣ ስትወድቅ የሚይዝህ ሰው ከጎንህ አስቀምጠው ነው የሚነግሩህ። «ማን ሞተ?» አላልኩም። በኮሌጁ መኪና ውስጥ መሀላቸው ተቀምጬ፣ እስክንደርስ ድረስ ስለ ዲስኩ ነበር የማወራው። ካቆምኩ የሚነግሩኝ ስለመሰለኝ አላቆምኩም።

ግቢው ውስጥ ኣደይ ለተመድህን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ኣቶ ገብረሃንስ አስቀድመው ሰው ልከው ኖሮ ጎረቤቶችም ተቀምጠዋል። ባርናባስ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ አልወጣ አለ። ያ ሁሉ ምላስ! የነገሩኝ ኣደይ ለተመድህን ናቸው።

«ኣደኺ ዓሪፋ፣ ጓለይ» አሉ። እናትሽ አረፈች።

አለቀስኩ። ኣደይ ለተመድህን ደረታቸው ላይ ይዘውኝ አብረውኝ አለቀሱ፤ ሴቶቹም አለቀሱ። አይተዋት የማያውቋት እናቴን ስሟን ጠይቀው፣ በትግርኛ አልቅሰውላታል። ይህን አልረሳላቸውም። ቢሆንም እናቴን የሚያውቅ፣ ሳቋን የሰማ፣ ሲያስላት ያየ አንድ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። ስለ ማን እንደማለቅስ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ትንሽ ስረጋ ባርናባስን ጠየቅኩት። «ለምን አንተ?»

መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። «ወልደአማኑኤል ማታ ደወለልኝ። ማሩን ሳመጣለት የሰጠሁትን ቁጥር ይዞት ነበር። ለእሷ ያለኸው አንተ ነህ፣ ከአንተ ሌላ እዚያ የምናውቀው ሰው የለም አለኝ። እናታችንም ስምህን ይዛ ነው ያረፈችው፣ የኔአለምስ ሰው አላት ብላ ነው ያረፈችው አለኝ።»

እናቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትደውልልኝ ነበር። ጥያቄዋ አንድ ነው፤ እዚያ ማን አለሽ? አንድ ቀን ሰለቸኝና «ባርናባስ አለ» አልኳት። ምን ታደርጉኛላችሁ፣ በዚያ ሳምንት ስሜን ጠርቶ ያነጋገረኝ እሱ ብቻ ነበር! ምን ይሠራል አለችኝ፤ ኮምፒውተር አልኳት። ጠባዩስ? ሰኞ ሰኞ ይደውላል፣ ስለ አንቺም ይጠይቃል አልኳት። ከነገርኳት ውስጥ አንድም ውሸት የለበትም። ቀሪውን ራሷ ሞላችው። ለሥራ ከአዲስ አበባ የሚመላለስ፣ ቁም ነገረኛ፣ ማር ይዞ የሚመጣ አማች አደረገችው። ከዚያ በኋላ ባሉት እሑዶች ድምፅዋ ሁሉ ቀለል ብሎ ነበር። ያን እንዴት አፈርሳለሁ?

«እና ለወልደአማኑኤል ምን አልከው?» አልኩት።

«ምን እላለሁ? እናቱ ሞታበት። እሺ፣ እሄዳለሁ አልኩት።»

የቀን በረራ ነበረ። ኣደይ ለተመድህን ሻንጣዬን አዘጋጁልኝ፤ ኣቶ ገብረሃንስ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አደረሱን። አውሮፕላኑን ስንጠብቅ ከባርናባስ ጎን ተቀመጥኩ። ለቲኬቱ ከኪሱ ያወጣ መስሎኝ ላመሰግነው ስል አቋረጠኝ።

«ድርጅቱ ነው የከፈለው» አለኝ። «የደንበኛ ሐዘን ነው ስላቸው ፈቀዱ። ውሉ የሚታደስበት ጊዜም ስለሆነ።»

በመስኮቱ የኲሓን ሜዳ አየሁ። ሰው ሲቸግረው ኩራቱን ይውጣል፤ እኔም ዋጥኩና ለመንኩት።

«ባርናባስ፣ ደብረ ብርሃን ድረስ አብረኸኝ ና። ቀብሩ እስኪያልቅ ከጎኔ ቁም። አክስቶቼ ይዩህ። ከዚያ በኋላ አላስቸግርህም፤ ውሉንም አድስልሃለሁ።»

ይህን ቃል እንዴት እንዳወጣሁት እስካሁን አላውቅም። እሱም ደነገጠ። እሺ እንደሚለኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ጠዋት ሁሉንም እሺ ብሎኝ የለ?

«አልችልም» አለኝ። «ባለቤቴ ልትወልድ ደርሳለች፤ ትቻት ነው የመጣሁት። ደግሞ ዛሬ ብቆምልሽ ለአርባው ይጠይቁሻል፣ ለሙት ዓመቱ ይጠይቁሻል። አልመጣም የኔአለም። ጠዋት ስለ ዲስኩ እሺ ያልኩሽንም እርሺው፤ ዕቃው አገር ውስጥ የለም። አልታዘዘም ነበር።»

ስንት ጊዜ እየጮኽኩ የለመንኩትን ቁርጥ ቃል በዚያ ቀን ሰጠኝ። እውነቱን ነው፤ ዛሬም አልቀየመውም። ያን ሰዓት ግን ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር።

አውሮፕላን ውስጥ ወንበራችን የተለያየ ነበር። ቦሌ ስንደርስ ቀድሞኝ ወረደ፤ ከሩቅ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝና በሰው መሀል ጠፋ። ወልደአማኑኤል ጋቢውን ደርቦ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ቀብሩም እኔን እየጠበቀ ነበር። ተቃቅፈን አለቀስን። እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ፣ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ከኋላዬ ያለውን ሰው መፈለግ ጀመረ።

«ባርናባስስ?»

ደክሞኝ ነበር፤ እንደ እናቴ ቀሪውን የምሞላበት ነገር አልነበረኝም። «ባርናባስ ሻጭ ነው» አልኩት። «ለኮሌጁ ኮምፒውተር የሚሸጥልን ሰው ነው። ሚስት አለው።»

ወንድሜ ሻንጣዬን ከእጄ ወሰደ፤ አልሄደም ግን፣ እንደያዘው ቆመ።

«ታዲያ አንቺ እዚያ ማን አለሽ?» አለኝ።

ድምፁ ቁርጥ የእናቴ ነበር። እናቴ ይህን ሳትሰማ በመሞቷ፣ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ፣ እግዚአብሔርን አመሰገንኩት።