ውሃ የማይወደው ተክል

እናቴ አትክልት ትወዳለች፤ እኔ መጋረጃ እሰፋለሁ። የሁለታችንን ሙያ የሚያገናኘው ወገብ ማጉበጡ ብቻ ነው። ከሕንጻችን ጀርባ ነዋሪዎች ተካፍለው የሚያለሙት ቁራጭ ቦታ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አልጋ የምታክል መደብ ትደርሰዋለች። እናቴ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከዚያች መደብ አትጠፋም ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላውቅም። ሰላጣውን አጥባ ስታቀርብልኝ እበላለሁ እንጂ ማን ኮተኮተው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ የሰው መስኮት ሳለብስ ውዬ፣ ደግሞ ወርጄ ቅጠል ልጎብኝ የሚል አንጀት አልነበረኝም።

ስትሮክ ቀኝ ጎኗን ከያዛት ወዲህ እናቴ ከአልጋዋ አልወረደችም። ንግግሯም አብሮ ታመመ። ሐኪሙ የምንላትን ሁሉ ትሰማለች፣ ይገባታልም፤ መልሱ ነው ከአፏ የሚጠፋባት ብሎናል። የቀሯት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ እሺ፣ የለም፣ ውሃ፣ እና አትንኩኝ። ውሃ ስትል ብርጭቆ ይዤላት እሮጣለሁ፤ የለም ብላ ትመልሰዋለች። እሱስ ይሁን።

አንጀቴን የበጠሰችው የመጨረሻዋ ቃል ናት። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ላጥባት ስገባ፣ ፎጣውን ገና ሳልነክር፣ ደህናውን ግራ እጇን አንስታ ወደ በሩ ታመለክትና «አትንኩኝ» ትለኛለች። ትራሷን ላስተካክል ስል አትንኩኝ። ጸጉሯን ላበጥር ስል አትንኩኝ። ወንድሜ ሊጠይቃት ሲመጣም ያንኑ ትለዋለች። ቀን ቀን የቀጠርናት አስታማሚ አብራት ትውላለች፤ ለእሷ ግን ምንም አትላትም። ታገላብጣታለች፣ ታጥባታለች፣ ታበላታለች፤ እናቴ እሺ እያለች ትታዘዝላታለች። እጃችሁን አንሱልኝ የምትለው ሥጋዋ ለሆንነው ለእኔና ለወንድሜ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ቀልድ አስመስዬ አልፈው ነበር። እሺ እመቤቴ፣ እጄን ለጌጥ ነው ይዤው የመጣሁት እላት ነበር። እያደር ቀልዱም ደከመኝ። ሳጥባት ፊቷን ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመርኩ። እጄ ቆዳዋን እንዳይነካት ፎጣውን ደርቤ እይዛለሁ፤ ቶሎ ቶሎ ጨርሼ እወጣለሁ። ደረጃውን ስወርድ ምን አስቀይሜያት ነው እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ፣ ሙግቱ ሳያልቅ አውቶቡሱ ይመጣል።

በመጨረሻ ወንድሜ መጦሪያ ቤት አገኘ። ወንድሜ መሬት ቀያሽ ነው፤ ነገርን ሁሉ ለክቶ ካልከለለ እንቅልፍ አይወስደውም። ቦታው ንጹሕ ነው፣ ነርሶች አሉት፣ አንቺም እንደ ሰው ትተኛለሽ አለኝ። እምቢ እንዳልል አፌን የዘጋው ግን ቀጥሎ የተናገረው ነው።

«ራሷ አትንኩኝ እያለችን ምን እናድርግ? እንግዲያው ባዕድ ይንካት።»

ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ሊወስዳት ተስማማን። አዘንኩ ብል ውሸት ነው፤ ደስ አለኝ ብልም ውሸት ነው። ደክሞኝ ነበር። ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ብቻ ባውቅ ብዬ እመኝ ነበር፤ እናቴ የእውነት እጄን ጠልታው እንደሆነ።

እሷ ከሄደች መደቧ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ላጸዳላት ወረድኩ። ጉዴ የፈላው ያኔ ነው። የቱ አትክልት፣ የቱ አረም? ለእኔ ሁሉም ያው አረንጓዴ ነው። ከሱቃችን ያመጣሁትን የመጋረጃ ቁርጥራጭ ይዤ ቆምኩ፤ የሚተርፈው ላይ ነጭ፣ የሚነቀለው ላይ ቀይ ላስር አስቤ ነበር። ማሰሩን አውቅበታለሁ፤ የቱ ላይ የሚለው ነው የጠፋኝ።

አጠገባችን መደብ ያላቸው ሁለት ሰዎች አዘኑልኝ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ሌላው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። መምህሩ መጠራጠር የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ዘንጋቸውን እየሰነዘሩ ይህ ካሮት፣ ይህ ናና፣ ይህ ሮዝመሪ ሲሉ እኔ ከኋላ ከኋላቸው ጨርቄን አስራለሁ። ቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ ስሙን ቢያውቅም ባያውቅም ቅጠሉን ቀጥፎ ያሸትና ለሆድ ጥሩ ነው ይላል። ቃሪያውንም ለሆድ ጥሩ ነው አለ። መምህሩ ካሮት ያሉት ነገር ሲነቀል እንደ ክር የቀጠነ ሥር ብቻ ሆኖ ወጣ። ገና ሕፃን ነው አሉ ሳይደነግጡ። ቧንቧ ሠራተኛው ሕፃኑም ቢሆን ለሆድ ጥሩ እንደሆነ ጨመረበት።

እየተጨቃጨቁ መደቡን ጨረሱልኝ። የቀረው ችግኝ በምናፈላበት የጋራ ላስቲክ ቤት ጥግ፣ አሮጌ የቀለም ጣሳ ውስጥ የተተከለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ግንዱ እሾሃም ነው፣ ጥቃቅን ቅጠሎቹ ተጣጥፈው አንገታቸውን ደፍተዋል፣ በጠቅላላው ሞት አፋፍ ላይ የቆመ ነው። ይህንን መምህሩም አያውቁትም። እናቴ ከታመመች ወዲህ ሲያጠጡት የነበሩት ግን እሳቸው ናቸው።

«ጠባዩ ክፉ ነው፤ ውሃ አይወድም» አሉኝ። «ባጠጣሁት ቁጥር ወዲያው ይጠወልጋል። ስለዚህ ቀነስኩለት።»

ቧንቧ ሠራተኛው ሊያሸተው ጎንበስ ሲል እሾሁ ወጋውና ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሆድ ምንም ሳይል ቀረ። ቀይ ጨርቅ አሰርኩበት። መምህሩ ግን የማያውቁትን ነገር ማስነቀል ክብራቸውን ነካው መሰለኝ፣ ፎቶ አንስተው ወደ አትክልተኞቹ የስልክ ግሩፕ ላኩት፤ እኔንም እዚያው አስገቡኝ።

ስልኬ ሲጮህ አመሸ። አንዱ የግራር ችግኝ ነው አለ። አንዷ ፈርን የሚባለው የጥላ ተክል ነው አለች። ሌላው ወራሪ አረም ስለሆነ መሬታችንን ሳይጨርስብን ይቃጠል አለ። አንዷ ከዚህ ግሩፕ የሚወጣው እንዴት ነው ብላ ጠየቀች፤ አንዱ ደግሞ ከማንም ጋር ሳይነጋገር የጽጌረዳ ፎቶ ልኮ መልካም ምሽት ተመኘልን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

በማግስቱ አርብ ፈቃድ ወስጄ ነበር፤ የእናቴን ሻንጣ ማሰናዳት አለብኝ። ሻንጣውን በሩ ሥር ካቆምኩ በኋላ ቀይ ያሰርኩባቸውን ልነቅል እኩለ ቀን ላይ ወረድኩ። ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ዝምታን አገኘኋት። ዝምታ የእናቴ ጓደኛ ናት፤ አፏ ስለማይከደን ነው ስሙ የወጣላት፣ እሷም ትወደዋለች። እንደ አክስቴ ስለሆነች አንቺ ነው የምላት። ልጇ ወልዳ ሌላ ከተማ ልታግዛት ሄዳ ስለከረመች እናቴ ከታመመች ወዲህ አልተገናኘንም ነበር። የማታውን ፎቶ አይታ በጠዋት ተሳፍራ መጥታለች፤ መልስ ጽፎ መተው ለእሷ አይሆንላትም፣ ካልተናገረች ያማታል። ጣሳውን አቅፋ ቀዩን ጨርቅ እየፈታች ነበር።

«ይቺን በጥማት የፈጃት ማነው?» አለችኝ ሰላም ሳትለኝ።

ውሃ አይወድም ተባልኩ አልኳት። ማን እንዳለ ስነግራት፣ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ብላ መምህሩን ከነዘንጋቸው አወረደቻቸው። ቅጠሉ ውሃ ሲነካው የሚታጠፈው ውሃውን ጠልቶ አይደለም፤ ጣትም ቢነካው፣ ነፋስም ቢነካው ይታጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ይዘረጋል አለችኝ። ጣቷን በአንዱ ቅጠል ላይ ቀስ አድርጋ ጎተተች። ጥቃቅኖቹ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ እስከ ጫፍ ድረስ ተከደኑ፣ የቅጠሉ ዘንግም ወደ ታች ወደቀ።

«አትንኩኝ ናት» አለች።

የሰማሁት ከዝምታ አፍ ሳይሆን ከእናቴ አፍ መሰለኝ።

«ስሟን ምን አልሽኝ?»

«አትንኩኝ። ስትነኪያት ስለምትከደን ነዋ። እናትሽ ዘሯን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ እንደ ልጅ ነው የምታያት። እናትሽን አንድ ቀን ያመማት እንደሆነ ‹አትንኩኝን ውሃ› ብላ ትደውልልኛለች፤ ሌላ ወሬ የላትም።»

ጣሳዎቹ መካከል ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ጠዋት ጠዋት የምትለኝን፣ ወደ በሩ የምታመለክተውን፣ ብርጭቆውን የምትመልሰውን፣ የተደረበውን ፎጣ፣ ሻንጣውን። ዝምታ ስሟን የመሰለችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ጠዋት ስትገቢ ስንት ሆናችሁ ነው የምትገቡት?» አለችኝ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ታዲያ አንቺ ሞኝ፣ እናት አንዲት ልጇን ‹አትንኩኝ› ትላለች? ‹አትንኪኝ› ነው እንጂ! ወንድምሽንም ቢሆን ‹አትንካኝ› ነው የምትለው።»

እኔ ደግሞ እናቴ ለእኔ ብቻ የተናገረችው አልመሰለኝም ነበር። እኔንና ወንድሜን አንድ ላይ ደምራ፣ ልጆቼ ሁላችሁም ራቁኝ ያለች መስሎኝ ነበር። ለአስታማሚዋስ ለምን አትላትም ብዬ ጠየቅኩ። እሷ መደብ እንዳላችሁ በምን ታውቃለች፣ አደራ የሚሰጠው ለሚያውቅ ሰው ነው አለችኝ ዝምታ። አለቀስኩ ብል ያምርብኝ ነበር፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። በመምህሩ ተናደድኩ፣ በእናቴ ተናደድኩ፣ ይህን ሁሉ ጠዋት ግድግዳ ሳይ በከረምኩት በራሴ ተናደድኩ። ንዴቱ ሲበርድ ደግሞ ጥርጣሬ መጣ። የታመመ አፍ ሰዋስው ይጠብቃል እንዴ? ሰው ሲጨንቀው አንዱን ሁለት፣ ሴቱን ወንድ ሊያደርግ ይችላል።

ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። አዳመጠኝና፣ ተክል ነው ብለን ተስፋ አድርገን አንቺ እንደገና ወገብሽን ልትሰብሪ ነው ወይ አለኝ። ክፋት የለውም፤ ለእኔ አስቦ ነው። ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብሎ ዘጋው።

ቅዳሜ ፀሐይ ክፍሏ ውስጥ ስትገባ ጣሳውን አጥቤ አመጣሁትና አልጋዋ ላይ፣ በግራ በኩል አስቀመጥኩላት። ዝምታ አጠጥታው ስላደረች ቅጠሎቹ ተዘርግተዋል። እናቴ ብዙ አየችው። ደህናው ጉንጯ ተንቀሳቀሰ።

«አትንኩኝ» አለች።

ድምጿ ያው ጠዋት ጠዋት የምሰማው ድምጽ ነው።

«አጠጥተናታል እማዬ።»

«እሺ» አለች።

ከእሺ በኋላ ሌላ ቃል ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ቢሆንም እርግጠኛ አልሆንኩም። ፎጣውን ነከርኩ፣ ጨመቅኩ፣ አልደረብኩትም። ባዶ እጄን ጀርባዋ ላይ አሳረፍኩና ቆምኩ። ቆዳዋ ይሞቃል። ያቺን ቃል ስጠብቅ፣ እናቴ ክብደቷን ወደ እጄ ለቀቀችው። አንገቷን አጠብኩ፣ ብብቷን፣ የማትሰማውን የቀኝ እጇን ጣቶች አንድ በአንድ። ፊቷን እያየሁ ነው ያጠብኳት። ስታረጅ ሳላያት ከርሜያለሁ። ግራ እጇ ላይ ስደርስ ገለበጠችውና የእኔን ጨበጠችው።

ፎጣውን ልነክር እጄን ሳብ አደረግኩ፤ አለቀቀችኝም። ሙሉ ጉልበቷ እዚያች እጅ ውስጥ የገባ ይመስል ነበር። ከታች የመኪና ጥሩንባ ተሰማ፣ ወዲያው ስልኬ ጠራ። በሌላው እጄ አነሳሁት። ወንድሜ ደርሻለሁ፣ አንቺ ሻንጣውን አውርጂ፣ እሷን ተጋግዘን እናወርዳታለን አለኝ። እንደ ጎበጥኩ ስለቆምኩ ወገቤ ይጮሃል። ድካሜ የትም አልሄደም፤ ነገም ከነገ ወዲያም እዚሁ አልጋ ሥር እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ።

«መውረድ አልችልም» አልኩት።

«ለምን?»

«እማዬ ይዛኛለች።»