የሚፈልገኝ ከፊቴ ይምጣ

አባቴና አክስቴ ከተኮራረፉ አምስት ወር አልፏቸዋል። አክስቴ መንገድ ላይ አይታው ከኋላው ጠራችው፤ እሱ ዞር ሳይል መንገዱን ቀጠለ። ቅሬታዋን ስነግረው “አልሰማሁም” ማለት ይችል ነበር። ያለው ግን “ከኋላዬ የሚጠራኝን አላስተናግድም” ነው።

ቃሉ የራሱ አይደለም፣ የቅድመ አያቱ ነው። ቅድመ አያቱ መዳብ ቀጥቃጭ ነበሩ። በእጃቸው ጽፈው ወርክሾፓቸው በር ላይ የለጠፉት ወረቀት ዛሬ በመስታወት ተገጥሞ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፦ “የሚፈልገኝ ከፊቴ ይምጣ። ከኋላዬ የሚጠራኝን አላስተናግድም።” ኩራት በደማችን ነው የምንለው በዚህ ወረቀት ነው።

አባቴም ዕድሜውን የፈጀው ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ነው። እኔ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ የሰው ጆሮ እመረምራለሁ። ልመርምርህ ብዬ ስድስት ጊዜ ለምኜዋለሁ። “ጆሮዬ ደህና ነው፤ የሰለቸው ያንቺን ምላስ ነው” ይለኛል።

የቅድመ አያቱን ታሪክ ልጻፍ ስለው ግን ሣጥኑን ራሱ አውርዶ ሰጠኝ። ውስጡ ዘጠኝ ወረቀት ነበር። በየዓመታቸው ደረደርኳቸው።

ሰውየው በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው መዶሻ ጨበጡ። ሠርጋቸው ላይ ራሳቸው እንደዘፈኑ አንድ እንግዳ ጽፏል፤ ድምፃቸውንም አመስግኗል። በአርባ አንድ ዓመታቸው ባለቤታቸው ለእናቷ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ “ቤት ውስጥ ይጮኻል። የተቆጣ ይመስላል እንጂ አልተቆጣም።” ከሁለት ዓመት በኋላ የወንድማቸው ደብዳቤ መጣ፦ “ደጃፍህ ቆሜ ስጠራህ ጀርባህን ሰጠኸኝ። ከእንግዲህ አታየኝም።” በቀጣዩ ዓመት የተሳለ የወርክሾፑ ንድፍ አለ። ግድግዳ ተደግፎ የነበረው የሥራ ጠረጴዛ በቀስት ወደ በሩ ዞሯል።

ሰው የናቀ ሰው ጠረጴዛውን ወደ በር አያዞርም። ግን ይህ ግምት ነው፤ በግምት አባቴን መርታት አይቻልም። ስለዚህ የሳሎኑን ወረቀት ከመስታወቱ አወጣሁት። ግርጌው ታጥፏል። ፍሬሙ ስላጠረ ይመስለኛል፣ የገጠመው ሰው አንድ መስመር ወደ ኋላ አጥፎ አስቀርቷል።

ለአባቴ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበ፦ “ከፊቴ መምጣት ያልተመቸው ትከሻዬን ይንካ።”

ወረቀቱን ገልብጦ አየው፤ እንደገና አነበበው።

“ከወንድማቸው ጋር ታረቁ?” አለኝ።

ይህን የሚናገር ወረቀት እንደሌለ ነገርኩት። የወንድምየው ቀብር ላይ የተገኙ ሰዎች ስም ዝርዝር አለ፤ የእሳቸው ስም የለበትም።

“አክስትሽ ስንት ጊዜ ጠራችኝ?” አለ። በአምስት ወር ውስጥ ይህን ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው።

“አራት ጊዜ። መጨረሻ ላይ በልጅነት ስምህ።”

“ድቡልቡል ብላ? ሰው መሐል?”

“ሰው መሐል።”

ሊስቅ ብሎ ተወው። ድቡልቡል ተብሎ ያልዞረ ሰው ምን እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

ለምርመራው ሰኞ ቀጠርኩት። “ሰኞ ይሁን” አለ ጫማውን እየፈለገ። “አሁን ግን እሷ ጋ ውሰጂኝ። ስታወራ አጠገቤ ተቀመጪ፤ ያመለጠኝን ትነግሪኛለሽ።”